ያላየሁትን «አይቻለሁ» ያልኩበት ምሽት

በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ አንድ ሐሙስ ምሽት፣ ፒያሳ ላይ የ17 ዓመት ልጅ በእኔ ጩኸት የተነሳ በሰው ተከቦ ተደበደበ፤ የግራ ክንዱ ተሰበረ፤ ከዚያም 11 ቀን ታሰረ። ልጁ ስልኬን ሲወስድ አላየሁም። ፖሊስ ጣቢያ ቀርቤ ግን «ሲወስድ አይቻለሁ» ብዬ ቃሌን ሰጠሁ፤ ፈረምኩም። በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት እሱ፣ እናቱ እና እኔ ያለፍንበትን የምጽፈው፣ ነገ ተመሳሳይ ድንጋጤ የሚገጥመው ሰው ከመጮኹ በፊት የሚያስታውሰው ነገር እንዲኖረው ነው።

ፍርሃቴ በዚያ ምሽት አልተጀመረም። በ1998 ዓ.ም. ለገሃር አካባቢ አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ የአንገት ሐብሌን በጥሶ ሮጧል። ያየሁት ጀርባውንና ያደረገውን ኮፍያ ብቻ ነበር። ፊቱን አይቼው ቢሆን ኖሮ ምናልባት የምፈራው አንድ ሰው ብቻ ይሆን ነበር። ስላላየሁት ግን በቀጣዮቹ 12 ዓመታት ኮፍያ ያደረገ፣ ጸጉሩን ያሳደገ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ የከተተ ጎረምሳ ሁሉ እሱን ይመስለኝ ጀመር። መሥሪያ ቤት ውስጥ በሻይ ሰዓት የሚወራው ወሬም ይህንኑ ያጸናልኝ ነበር። «የዛሬ ልጆች ርኅራኄ የላቸውም»፣ «ሁሉም ቃሚ ነው»፣ «ሥራ ቢሰጣቸውም አይሠሩም» እየተባባልን ቡናችንን እንጠጣለን፤ ስለ የትኛው ልጅ እንደምንናገር ግን አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም።

የምኖረው ከዶሮ ማነቂያ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ውስጥ ነበር። ወደ ቤቴ በሚያስገባው ቅያስ አፍ ላይ አምስት ስድስት ልጆች ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ይቀመጣሉ። እኛ ጎረቤቶች «ድንጋይ የሚያሞቁ» እንላቸዋለን። ለምን እዚያ እንደሚቀመጡ ኋላ ስረዳ፣ ምክንያቱ ሁልጊዜም ዓይኔ ሥር የነበረ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ቤቶቻችን ጠባብ ነበሩ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስትና ሰባት ሰው የሚያድርበት ቤት ብዙ ነው። እናቱ እንጀራ ስትጋግር፣ እህቶቹ ልብስ ሲቀይሩ፣ አያቱ አረፍ ሲሉ አንድ ጎረምሳ ከበር ውጭ ካልሆነ የት ይቀመጣል? ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ በአቅራቢያው አልነበረም። ካፌ ለመቀመጥ ገንዘብ ያስፈልጋል። ያ ድንጋይ ሳሎናቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ በየምሽቱ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ይዤ፣ ሰላምታ ሳልሰጥ፣ በሳሎናቸው መካከል አልፍ ነበር።

በዚያ ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ከለገሃር ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፈርኩ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ዕድሜው ከ40 የሚያልፍ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ካፖርቱን አጥፎ በእሱና በእኔ ጭን መካከል ያስቀመጠ ሰው ነበር። ቸርቸል ጎዳናን ስንወጣ ከኋላ የተቀመጠች ሴት መስኮቱን እንድዘጋላት ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ መስኮቱ አልንቀሳቀስ ሲለኝ ሰውየው በላዬ ተዘርግቶ ገፋልኝ። ማዘጋጃ ቤት ጋ ስወርድ አመስግኜዋለሁ። ከረዳቱ የተቀበልኩት መልስ እጄ ላይ ስለነበር ቦርሳዬን ሳልከፍት በእሱ ከጉሊት ሽንኩርት ገዛሁና ወደ ሰፈሬ አቀናሁ።

ቅያሱ አፍ ላይ ስደርስ ከልጆቹ አንዱ ከድንጋዩ ተነስቶ «እትዬ፣ እትዬ!» እያለ ወደ እኔ መጣ። ጸጉሩን ያሳደገ፣ ኮፍያ ያደረገ ረጅም ልጅ ነው። ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ስስበው ዚፑ ክፍት ነው፤ እጄን ብከት ስልኬ የለም። «ሌባ!» ብዬ ጮኽኩ።

ልጁ መጀመሪያ አልሮጠም። ግራ ተጋብቶ ቆሞ አየኝ። የሮጠው ከሱቁና ከካፌው የወጡ ሰዎች ወደ እሱ ሲንደረደሩ ሲያይ ነው፤ መሮጡ ደግሞ ወዲያውኑ ለሁላችንም ማስረጃ ሆነ። ያ ሁሉ ሰው ሲመጣበት የማይሮጥ ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። አስፋልቱ ላይ ያዙት፤ መቱት፤ ኪሱን ፈተሹት። የተገኘው የተማሪ መታወቂያ፣ የቤት ቁልፍና ጥቂት ብር ነው። ስልክ የለም። «ለጓደኛው አቀብሏል!» አለ አንድ ሰው፤ ዱላው ቀጠለ። ይህን ትዕይንት ዛሬ መልሼ ሳስበው የሚያስደነግጠኝ፣ ልጁ የሚያመልጥበት በር ጭራሽ አለመኖሩ ነው። ስልኩ ቢገኝበት ሌባ ነው፤ ባይገኝበት አቀብሎ ነው፤ ቢሮጥ ጥፋተኛ ነው፤ ቢቆም ደፋር ዱርዬ ነው።

ጣቢያ ውስጥ መርማሪው «ሲወስድ አይተዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ለመመለስ ጥቂት ዘገየሁ። ልጁ ወንበር ላይ ክንዱን ይዞ፣ ከቅንድቡ ደም እየወረደ ተቀምጧል። ይዘውት የመጡት ሰዎች ከኋላዬ ቆመዋል። በዚያች ቅጽበት «አላየሁም» ብል ያ ሁሉ ዱላ በከንቱ እንደወረደ በገዛ አፌ መመስከር ሆነብኝ። ስለዚህ «አዎ፣ አይቻለሁ» አልኩ። የዋሸሁት ስልኬን ለማስመለስ አይደለም፤ የተፈጸመውን ድብደባ ትክክል ለማድረግ ነው። ይህን ለራሴ ለማመን ብዙ ሳምንታት ፈጅቶብኛል።

እዚህ ላይ ለአንባቢዎቼ የምለው አለኝ። ንብረታችሁ እንደጠፋ ስታውቁ መጀመሪያ ቁሙ። የቅርብ ሰው ስልክ ተውሳችሁ ወደራሳችሁ ቁጥር ደውሉ። ስልኩን በእርግጠኝነት ለመጨረሻ ጊዜ የያዛችሁት የት እንደነበር አስቡ፤ የጠፋበት ቦታና መጥፋቱን ያወቃችሁበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። የእኔ ስህተት በሙሉ የተገነባው ሁለቱን አንድ በማድረግ ነው። ወደ ፖሊስ ነጻ መስመር 991 መደወል ወይም ወደ ጣቢያ መሄድ ትችላላችሁ፤ መንገድ ላይ «ሌባ!» ብሎ መጮኽ ግን ፍርዱን ለማታውቁት መንገደኛ አሳልፎ መስጠት ነው። ስልካችሁ በእጃችሁ ሳለም ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብትጫኑ የሚወጣውን የመለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ስታመለክቱ በሰው መልክ ፈንታ የምታቀርቡት የተረጋገጠ ነገር ይኖራችኋል። ቃላችሁን ስትሰጡም ከመፈረማችሁ በፊት እንዲነበብላችሁ ጠይቁ፤ «አየሁ» እና «መሰለኝ» ቦታ እንዳይለዋወጡ ተጠንቀቁ።

በማግስቱ ጠዋት የልጁ እናት ቤቴ መጣች። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች የምትሸጥ፣ በመልክ ብቻ የማውቃት ሴት ናት። ትጮኽብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ። «እትዬ፣ ስልክዎን እኔ ሠርቼ እከፍልዎታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ በእመቤቴ፣ ልጄ ሲወስድ በዓይንዎ አይተዋል?» ዝም አልኩ። ዝምታዬን አይታ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ሄደች።

ከእሷ ኋላ እንደሰማሁት፣ የመጀመሪያው ችግር ዕድሜው ነበር። ልጁ ቁመተ ረጅም ስለሆነ ጣቢያ ውስጥ 20 ዓመት ገምተው መዝግበውታል፤ ከአዋቂዎች ጋርም አንድ ክፍል አሳደሩት። የልደት የምስክር ወረቀት አልነበረውም። እናቱ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የክርስትና ካርዱን፣ ከትምህርት ቤቱም የመዝገብ ማስረጃውን እስክታመጣ ቀናት አለፉ። ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ይህን እንደ ቀላል አትዩት። በወንጀል ሕጋችን ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ጉዳያቸው በተለየ ሥርዓት ይታያል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትም ዕድሜያቸው ለቅጣት ማቅለያ ሊታሰብላቸው ይችላል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 መሠረት በጥፋት የተያዙ ሕፃናት ከአዋቂዎች ተለይተው መያዝ አለባቸው። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብና ያለመናገር መብት እንዳለው እንዲነገረው ያዝዛል። እነዚህ መብቶች ግን ዕድሜውን የሚያስረዳ ወረቀት ለሌለው፣ ሰውነቱ ለፈጠነ ልጅ ዘግይተው ይደርሳሉ። የልጃችሁን የልደት ሰርተፊኬት አውጡለት፤ ቅጂውን ሁልጊዜ በቀላሉ የምታገኙበት ቦታ አስቀምጡ።

ልጁ በተባለው ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር፤ ፖሊስ ግን ለምርመራ ተጨማሪ ቀን ጠየቀና ተፈቀደለት። እኔን ለማጽናናት ብሎ ይመስለኛል፣ መርማሪው «አይዞዎት፣ እነዚህ እኮ አደገኛ ቦዘኔዎች ናቸው» አለኝ። ቃሉ አዲስ አልነበረም። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ወጣት ብሎ የሰየመውና ተስፋቸውን የዘረዘረው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲም በዚያው ዓመት ወጥቷል። ከሁለቱ ሰፈራችን ድረስ የዘለቀው የአዋጁ ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈልጎ ያጣውንም፣ ከትምህርት ቤት መልስ ደጅ የተቀመጠውንም በአንድ ስም ጠራን። መቦዘን ማለት እኮ ሥራ መፍታት ነው። ሥራ ያጣ ልጅ ላይ «አደገኛ» የሚለውን ስንጨምርበት፣ እሱ ያጣውን ነገር ለእኛ ስጋት አድርገን ለወጥነው። እኔም ያንን ቃል ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁና መርማሪውን የምወቅስበት አንደበት አልነበረኝም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የእድራችን ዳኛ ቤቴ መጡ። የቀረበላቸውን ቡና ሳይነኩ «ልጄ፣ ባለቤትሽ ያረፈ ለት ድንኳኑን ማን እንደተከለው ታስታውሻለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አላስታውስም ነበር። «እነዚህ ድንጋይ ላይ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው። የታሰረው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲጥል ካስማውን ሲያጠብቅ ነው ያደረው፤ ያኔ 15 ዓመቱ ነው።» ሦስት ቀን ሙሉ አግዳሚ ሲያመላልሱ፣ ውኃ ሲቀዱ፣ ለቀስተኛ ሲያስተናግዱ የነበሩ ልጆች፣ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ለእኔ ፊት አልነበራቸውም። ዳኛው ጥቂት ቆይተው ደግሞ ስለራሳቸው ነገሩኝ። በ1970 ዓ.ም. 19 ዓመታቸው ነበር፤ ታላቅ ወንድማቸው የተወሰደው አንድ ሰው «ወረቀት ሲበትን አይቼዋለሁ» ብሎ በመናገሩ ነው። አልተመለሰም። «በዚያን ጊዜ ወጣት መሆን ብቻውን ያስጠረጥር ነበር» አሉ። «ያ ሰው ማየቱን አለማየቱን እስከ ዛሬ አላውቅም። አንቺ ግን ታውቂያለሽ።» መስቀል አደባባይ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የወጣቶች ናቸው፤ ከዚያ እሑድ በኋላ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የእሳቸው ጥያቄ ይከተለኛል።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር እንዳይሳት እፈልጋለሁ። ልጁ ድንኳን መትከሉ ስልክ አለመውሰዱን አያስረዳም። ድንኳን ያልተከለ፣ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ የሚቅም፣ የሚሳደብ ልጅ ቢሆን እንኳ እኔ ያላየሁትን አላየሁም። ወጣቶችን የምናምነው መልካም ሥራቸውን ቆጥረን ብቻ ከሆነ፣ አሁንም እንዲፈሩን እንጂ እንዲከበሩ አላደረግንም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ንጹሕ ሆኖ የመገመትን መብት ሲያስቀምጥ የሰፈር ስም ወይም የጸጉር ርዝመት አልጠየቀም።

የዚያን ዕለት ማታ አንድ ወረቀት ሦስት ቦታ ከፈልኩ። በመጀመሪያው በዓይኔ ያየሁትን፣ በሁለተኛው ሰዎች የነገሩኝን፣ በሦስተኛው የገመትኩትን ጻፍኩ። በመጀመሪያው ሥር ያገኘሁት «ወደ እኔ መጣ፤ እትዬ አለኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ካፖርቱ፣ መስኮቱና ከኋላ ያለችው ሴት ወደ አእምሮዬ የመጡት ይህን ስጽፍ ነበር። ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ሌባ ሊሆን እንደሚችል ለሦስት ቀን ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰብኩም። ማስረጃ ስለሌለኝ እሱን ሌባ ነው ብዬ ዛሬም አልናገርም፤ ተመሳሳዩን ስህተት አልደግምም።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። ቃሌን ብለውጥ እኔም በሐሰት በመወንጀል ልጠየቅ እንደምችል ተነገረኝ፤ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። እንደዚህ ዓይነት ችግር ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ከመሄዳችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ፤ ፍርሃቱ ግን አያስቀራችሁ። «ተጨማሪ ቃል መስጠት እፈልጋለሁ» ብዬ፣ ሲወስድ እንዳላየሁና ስልኬ እንደሌለ ያወቅሁት ከልጁ ጋር ስገናኝ መሆኑን አስመዘገብኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ በችኮላ የሰጠሁት ቃል ግን ሲፈታ ጊዜ ወስዷል። ልጁ በ11ኛው ቀን በእድሩ ዳኛ ዋስትና ተፈታ፤ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን የዘጋው ግን ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ስላረምኩና የሕክምናውን ወጪ ስለከፈልኩ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ልጁ ወደ 12ኛ ክፍል ሲመለስ ግን «ሌባው» እያሉ ይጠሩት ነበር። ባለሱቁ ዱቤ ከለከለው። እኔ እፍረት ይዞኝ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም፤ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ለርዕሰ መምህሩና ለክፍል ኃላፊው ያስረዳሁት ልጁ ትምህርቱን ካቋረጠ በኋላ ነበር። በአደባባይ የጠፋ ስም በጓዳ አይመለስም። በጥር ወር የእድር ስብሰባ ላይ ቆሜ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሳላይ «አይቻለሁ» ማለቴን ተናገርኩ። ያን ዕለት ልጁን ከደበደቡት ሰዎች ሁለቱ እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ አንዱ አንገቱን ደፋ፤ ሌላው ተነስቶ ወጣ። ልጁ በዓመቱ በማታ ትምህርት ሌላ ትምህርት ቤት ገብቶ ጨረሰ። ሰው ላይ በችኮላ ስም የለጠፈ ካለ፣ በተቻለ ፍጥነት ስሙ በተነሳበት ቦታ ሁሉ፣ በሱቁም በትምህርት ቤቱም በታክሲ ተራውም፣ በራሱ እግር ሄዶ ያንሳው። ሦስት ወር መዘግየቴ ልጁን አንድ ዓመት አስከፍሎታል።

ለተመልካቾችም አንድ ቃል አለኝ። ሰው «ሌባ!» ሲል ስትሰሙ በልጁና በሰዎቹ መካከል ቁሙና ጮክ ብላችሁ «ማን አየ?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚያ ምሽት ይህን የጠየቀ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ እኔ መልስ አልነበረኝም፤ ዱላውም ይቆም ነበር። ለወጣቶቹ ምክር ስሰጥ አፍራለሁ፤ መታረም ያለብን እኛ ነንና። ሆኖም ሰው ሲያሯሩጣችሁ ወደ ጨለማ ቅያስ አትግቡ፤ ጥበቃ ያለበት በር ወይም ብዙ ሰው የሚያውቃችሁ ሱቅ ፈልጋችሁ እጃችሁን እያሳያችሁ ቁሙ። ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌላችሁና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምላችሁ እንደሚገባም በዚያው አንቀጽ 20 ተጽፏልና፣ ፍርድ ቤት ስትቀርቡ ይህን ጠይቁ።

ሽማግሌዎች ይዤ እናቱ ቤት የሄድኩት ከስብሰባው በኋላ ነው። እሷ ይቅር አለችኝ፤ ልጇ ግን መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። ልንነሳ ስንል ብቻ፣ ቀና ሳይል «እትዬ፣ ያን ቀን የተነሳሁት ፌስታልዎ ተቀዶ ሽንኩርቱ እየተንጠባጠበ ስለነበር ነው» አለኝ።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ሲፈርስ እድሩም ጎረቤቱም ወደየአቅጣጫው ተበተነ። ከእናቱ ጋር ግን እስከ ዛሬ እንደዋወላለን። ልጁ አሁን ሥራ ይዟል፤ ጸጉሩን በዚያው ዓመት ተቆርጦ ከዚያ ወዲህ አላሳደገውም። መንገድ ላይ ቦርሳ የያዘች ሴት ከፊት ለፊቱ ስትመጣ ካየ፣ ገና ከሩቁ እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ማዶ እንደሚሻገር እናቱ ነግራኛለች።